ክሩ ከጌጡ ይቀድማል፦ የራኪ ሳጥንና የገበያ ራኪ ሲፈተሹ

ራክሻ ባንዳን የሚባለው የሂንዱ የእህትና የወንድም በዓል ሲቃረብ የሕንድ ገበያ በአንድ ዕቃ ይጥለቀለቃል፤ እህት በወንድሟ ቀኝ አንጓ ላይ የምታስረው ክር፣ ራኪ። በዴሊው ሳዳር ባዛር በጅምላ፣ በየሰፈሩ መንገድ ዳር በችርቻሮ ይሸጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሳጥን ታሽጎ በኢንተርኔት ይታዘዛል። እዚህ የምንገመግመው ሳጥኑን ነው። አንድ ወይም ሁለት ራኪ፣ የግንባር ቀለም፣ ቁንጥር ሩዝ፣ ጣፋጭና የመልካም ምኞት ካርድ አንድ ላይ ሆነው "ሙሉ ዝግጅት" ተብለው የሚሸጡበትን ማለት ነው። ሁሉን በተናጠል ገዝቶ የሥርዓቱን ትሪ ራስ ማሰናዳት ይሻላል ወይ የሚለውንም አብረን እናያለን።

ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ አብዛኛው ሳጥን ገንዘቡን የሚያፈሰው ባልሆነ ቦታ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ጌጥ ዓይን ይስባል፤ ክሩ ግን አጭርና አዳላጭ ነው። በሥርዓቱ ላይ የሚደገመው የሳንስክሪት ቃል ደግሞ ስለ ጌጥ አንዲት ነገር አይልም። "ኃያሉ የዳናቫዎች ንጉሥ ባሊ በታሰረበት አንተንም አስርሃለሁ" ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ክሩን ራሱን እየተጣራ "ራክሼ ማ ቻላ፣ ማ ቻላ" ይለዋል፤ ጠባቂ ሆይ፣ አትነቃነቅ፣ አትነቃነቅ። ራክሻ ጥበቃ፣ ባንዳን ማሰሪያ ነው። እንግዲህ የራኪ የመጀመሪያው መመዘኛ እዚሁ ቃሉ ውስጥ አለ፦ ታስሮ ይቆያል ወይስ ይፈታል?

ክሩን በሜትር ለኩት። የአዋቂ ወንድ የእጅ አንጓ ዙሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ጌጡ 3 ሴንቲ ሜትር ቢይዝ፣ ወፍራም አንጓ ለመዞር ብቻ በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ክር ያልቃል። ለቋጠሮ በየጎኑ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። ስለዚህ ከጌጡ ጠርዝ እስከ ክሩ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ 39 ገደማ ያስፈልጋል። የሳጥን ራኪ በየጎኑ 12 ወይም 13 ብቻ ሆኖ ከመጣ ለመቋጠሪያ የሚቀረው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ በጣት ጫፍ ተይዞ አንድ ጊዜ ይቋጠራል፤ ሁለተኛው ቋጠሮ ግን አይገባም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሦስት ጊዜ መቋጠር ይወዳል። ሻጩ የክሩን ርዝመት ካልጻፈ ጠይቁት፤ በፎቶ የሚታየው ራኪ ክሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ስለሚነሳ ርዝመቱ አያስታውቅም።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የሚታየው ከምን እንደተሠራ ነው። በቀላሉ የማይፈታው ማውሊ ወይም ካላዋ የሚባለው ቀይና ቢጫ የጥጥ ፈትል ነው። የጥጥ ጭረት ሻካራ ስለሆነ ክር በክር ላይ ይይዛል፤ ላብ ወይም ውኃ ሲነካውም ቋጠሮው ይበልጥ ይጠብቃል። የሐር ክር ለስላሳ ቢሆንም በደንብ ከተገመደ ይበቃል። ችግሩ ሳቲን ጥብጣብና ናይለን ላይ ነው። ሁለቱም ሲታዩ ያምራሉ፤ ግን ልሙጥ ስለሆኑ ቋጠሮው በራሱ ጊዜ ይላላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ሱቁ ውስጥ ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቋጥሩና ልቀቁት። ባለበት ከቆየ ግዙት፤ ዓይናችሁ እያየ ከተከፈተ ተዉት።

የግድ ልሙጡን ገዝታችሁ ከሆነ መፍትሔው አቋጣጠሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ አሳልፉ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ካሳለፋችሁ ቋጠሮው ጠማማ ይሆንና እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንሸራተታል። ብዙ ራኪ በማግስቱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ግን በክሩ ላይ ይላከካል። የናይለን ጫፍ እንዳይተረተር በእሳት ማቅለጥ ይቻላል፤ ይህ መደረግ ያለበት እጅ ላይ ከመታሰሩ በፊት ነው። ሲታሰርም በክሩና በአንጓው መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ፤ ክሩ ለቀናት የሚቆይ ነውና።

ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተት ቋጠሮ የሚጠብቅና የሚላላ ራኪም አለ። በፖስታ ለሚላክ ራኪ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው፤ እህት በሌለችበት ወንድምየው በአንድ እጁ ሊያጠብቀው ይችላል። ተንሸራታቹ ቋጠሮ አራት ወይም አምስት ዙር የተጠመጠመ መሆኑን እዩ። ሁለት ዙር ብቻ ከሆነ ሳምንት ሳይሞላ ይላላል።

ጌጡ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ሊታወቅ ይገባል። በዓሉ የሚውለው በሽራቫን ወር ሙሉ ጨረቃ፣ በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ፣ ሰሜን ሕንድ በዝናብና በወበቅ በምትታጠብበት ወቅት ነው። በትኩስ ሙጫ የተለጠፈ ድንጋይ፣ ዶቃና መስታወት ይህን እርጥበትና የእጅ ላብ አይችልም። ራኪውን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ስፌት ከታየ ጌጡ የተሰፋ ነው፤ ዛርዶዚ የሚባለው የዘቦ ጥልፍ በአግባቡ ሲሠራ እንዲህ ነው። ጀርባው በክብ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው ሙጫ ነው። በጥፍር ጠርዙን ገፋ አድርጉት፤ ከተነሳ ማሰሪያው በቀጥታ ከጌጡ ጋር ሳይሆን ከጨርቁ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው፣ ጨርቁ ሲላቀቅም ሁሉም ይወድቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ጌጥ የሸሚዝ እጅጌ እየያዘው ይጎተታል፤ በፖስታ ሲሄድም ይደቀቃል።

ቀለሙንም ፈትሹ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ ክሩን ለጥቂት ሰከንድ እሹት፤ ጨርቁ ከቀላ የወንድምየው እጅና ነጭ ኩርታው (ረጅሙ የሕንድ ሸሚዝ) አብረው ይቀላሉ። ነሐስ በላብ አረንጓዴ ይሆናል፤ ኒኬል የተቀባ ብረት ደግሞ ቆዳቸው ስስ የሆኑ ሰዎችን ያሳክካል። የሩድራክሻ ፍሬና የሰንደል እንጨት ራኪ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ፍሬው ሲበሳ እንዳልተሰነጠቀ ግን ማየት ያስፈልጋል።

የብር ራኪ ለብቻው ይታይ። በሕንድ የደረጃዎች ቢሮ አሠራር ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማኅተም ያለው ብር የቢሮውን ምልክት፣ የንጥረቱን ደረጃ እና ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይይዛል። ማኅተሙ ለብር ግዴታ ስላልሆነ ያልታተመም በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል፤ "ንጹሕ ብር" የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ብቻ ካለና ዕቃው ላይ ከሌለ ግን የብር ዋጋ አትክፈሉ። ሂሳብ መቀበያውንም ተመልከቱ፤ ወርቅ፣ ብርና የከበረ ድንጋይ የሌለበት ራኪ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 2018 ወዲህ ከሕንድ የዕቃና አገልግሎት ግብር ነፃ ነው። በሳጥን ከቸኮሌት ጋር በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ግን ጥቅሉ ከውስጡ ከፍተኛውን ግብር በሚከፍለው ዕቃ ልክ ሊታሰብ ስለሚችል፣ ለብቻው ቢገዛ ግብር የማይነካው ክር በሳጥን ውስጥ ግብር ይከፈልበታል።

አሁን ወደ ትሪው። ሳጥኖቹ በጣም የሚዋረዱት እዚህ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሥርዓቱ ልብ ትሪው ላይ ነው።

ሮሊ የሚባለው ቀይ የግንባር ቀለም በጥንቱ አሠራር እርድ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ሲቀላ የሚገኝ ነው። ሳጥን ውስጥ በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ደማቅ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው፤ ግንባር ላይ ቀይ ሆኖ ሁለት ቀን ይቆያል፣ አንዳንዱንም ያቃጥለዋል። እርድ የተሠራው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ሲሸት እርድ እርድ ይላል። የሩዙ ጉድለት ደግሞ የከፋ ነው። ሩዙ አክሻት ይባላል፤ ትርጉሙም "ያልተሰበረ" ማለት ነው። ከሮሊ ጋር በአንድ ከረጢት ታሽጎ በመንገድ ሲንገላታ የመጣ ሩዝ ግማሹ ስባሪ ሆኖ ይገኛል። ስሙ ራሱ የማይፈቅደውን ሩዝ መሸጥ ነው። ከወጥ ቤት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሙሉ ፍሬዎች መርጦ ማስቀመጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለአንድ ወንድምም ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አቀባቡ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ሮሊው ይደርቃል። አንድ ቁንጥር ሮሊ በሦስት ወይም አራት ጠብታ ውኃ ተለውሶ ከጣት ላይ የማይፈስ፣ ግን የሚያጣብቅ መሆን አለበት። በቀለበት ጣት ከቅንድብ መካከል ወደ ላይ ይሳባል፤ ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ ሩዙ በአውራ ጣት ተጭኖ ይለጠፋል። ሩዙ ዱብ ዱብ እያለ የሚወርደው ውኃው ስላነሰ ወይም ክሩን አስቀድመው አስረው ሮሊው ስለደረቀ ነው። ቅደም ተከተሉ የተለመደው እንዲህ ነው፦ ወንድምየው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፣ ራሱን በመሐረብ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ ቀለምና ሩዝ፣ ቀጥሎ ክሩ፣ ከዚያ ኩራዙ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ፊቱ ላይ ይዞራል፣ በመጨረሻ ጣፋጭ በአፉ ይገባለታል። ስጦታው ከዚህ በኋላ ነው። በአንዳንድ ቤት መብራቱ ከክሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ የሳጥኑን መመሪያ ከማንበብ የቤቱን ትልቅ ሰው መጠየቅ ይበልጣል።

ከሳጥን ጋር የሚመጣው ትሪ ካርቶን ወይም ስስ ፕላስቲክ ከሆነ ኩራዝ አትለኩሱበት። የሸክላ ኩራዝ ሥሩ ይግላል፤ ካርቶኑን ያጠቁረዋል፣ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ትሪው ሲዞር ደግሞ የጋለ ቅቤ ይፈሳል። የነሐስ ወይም የብረት ትሪ፣ በንጥር ቅቤ የራሰ የጥጥ ፈትል፣ ቅቤውም እስከ ኩራዙ ግማሽ ብቻ። ይህ ከማናቸውም ያጌጠ ትሪ ይበልጣል።

ስለ ጣፋጩ። በሳጥን ለሚጓዝ ጣፋጭ ካጁ ካትሊ ይመረጣል። በክብደት ሁለት እጅ ካሹ ለአንድ እጅ ስኳር ገደማ ሆኖ፣ የስኳሩ ሽሮፕ በሁለት ጣት መካከል አንድ ክር ሲያወጣ ከካሹ ዱቄት ጋር ይማሰላል፤ ወተት ስለሌለበት ጥቂት ቀናት ይቆያል። ያረጀው ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ከላዩም ዘይት ያወጣል። ከላይ ያለው የብር ቅጠል በሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደንብ መሠረት ከእንስሳ በተገኘ ነገር መቀጥቀጥ የለበትም፤ ሥጋ ለማይበላ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮያ ከሚባለው፣ ተፍልቶ ከጠጠረ ወተት የሚሠሩት ባርፊና ፔዳ የተባሉ ጣፋጮች ግን በወበቁ ወቅት ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይታመኑምና በሳጥን ታሽገው ሲመጡ አትቀበሏቸው። ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የሕንድ ሱቆች ያልታሸገ ጣፋጭ ትሪ ላይ እንኳ እስከ መቼ ቢበላ እንደሚሻል መለጠፍ አለባቸው፤ ይህን የማያደርግ ሱቅ ጋ አትቁሙ። ኮያው ከስታርች ጋር ተቀላቅሏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጥቂቱን በውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ አዮዲን ጣሉበት፤ ሰማያዊ ከሆነ ተቀላቅሏል።

በራጃስታን የዚህ ሰሞን ጣፋጭ ጌቫር ነው፤ እሱን መቅመስ ለበዓሉ ካወጣችሁት ሁሉ የተሻለው ወጪ ይሆናል። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ወተትና እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ ቀጥኖ ይበጠበጥና ከከፍታ በቀጭኑ ወደ ጋለ ቅቤ ይወርዳል። ቀዝቃዛው ሊጥ ከጋለው ቅቤ ሲገናኝ ይፈነዳዳና እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ያለው ክብ ይሆናል። ሊጡ ከሞቀ ወይም ከወፈረ ቀዳዳው ይደፈንና ጌቫሩ ይከብዳል። ጥሩው ለብርሃን ሲያዝ ቀዳዳዎቹ ያሳልፋሉ። በአትክልት ቅቤ የተጠበሰ ከሆነ ከበላችሁ በኋላ ላንቃችሁ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይቀራል። ራብሪ የሚባለው ወፍራም ጣፋጭ ወተት የተቀባበትን በዕለቱ ብሉት፤ ደረቁን ግዙና ራብሪውን ቤት ጨምሩበት።

ለልጆች የሚሸጠው መብራት የሚያበራ ራኪ ላይ ምንም ድርድር የለም። ውስጡ ያለው የአዝራር ባትሪ ከተዋጠና ጉሮሮ ላይ ከቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ አትግዙ፤ ልጅ ከዋጠው ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ለልጅ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር አንጓ የሚበቃ የጥጥ ክርና የተሰፋ ጥልፍ ይሻላል።

ከራጃስታኖቹ ማርዋሪዎች የመጣው ሉምባ የሚባል ራኪ ለወንድም ሚስት የሚሰጥ ነው፤ ከክንድ ሳይሆን ከአምባር ላይ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ጥንድ ሳጥን ስትገዙ የሉምባው ማንጠልጠያ ቀለበት አምባር ማሳለፉን እዩ፤ ብዙው ጠባብ ነው። ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ በሕንድ ቤት የአጎትና የአክስት ልጅም ወንድም ስለሆነ ሁለት ራኪ ያለው ሳጥን አይበቃም። ሁለት ሦስት ተራ ማውሊ ትርፍ ይኑራችሁ፤ ያልተጠበቀ የአጎት ልጅ በር ላይ ሲቆም ባዶ እጅ መሆን አይገባም።

የማስረከቢያ ቀን ላይ የሚሠራ ስህተት ከሁሉ ይጎዳል። የሙሉ ጨረቃው ቀን የመጀመሪያ አጋማሽ ሁልጊዜ ባድራ፣ ማለትም መልካም ያልሆነ የሚባል ሰዓት ነው፤ በባድራ ራኪ አይታሰርም። ስለዚህ የማሰሪያው ሰዓት በየዓመቱ ይለያያል፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ባድራው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለቆየ ብዙዎች ሌሊት ወይም በማግስቱ ጠዋት አሰሩ፤ በ2024 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ተጠበቀ። በ2026 በዓሉ ኦገስት 28 ሲሆን ባድራው ከንጋት በፊት ያልቃል፤ ግን ሙሉ ጨረቃው ራሱ በሕንድ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ላይ ያበቃል። "በዕለቱ እናደርሳለን" የሚል ሻጭ በዚያ ዓመት ከሰዓት በኋላ ቢያደርስ ቃሉን ጠበቀ ሊባል ይችላል፤ ሰዓቱን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ዘግይቷል። የማድረሻውን ቀን ቢያንስ በአንድ ቀን አስቀድሙ።

በፖስታ ለምትልኩ፣ የሕንድ ፖስታ በየዓመቱ ለዚህ በዓል የሚያወጣው ውኃ የማያስገባ ፖስታ ምስጋና የሚገባው አገልግሎት ነው። 11 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዋጋውም ከመላኪያው ውጪ 10 ሩፒ ሆኖ ቆይቷል። ጠፍጣፋ ራኪ፣ በወረቀት የታጠፈ ሮሊና ደብዳቤ ይበቃዋል። ሩዙን ለብቻው በስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከደብዳቤው እጥፋት መሃል አስገቡት፤ አይሰበርም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጣሉት፤ ኦገስት 15 የነፃነት ቀን ፖስታ ቤት ዝግ መሆኑንም ቁጠሩ። ከአገር ውጪ ከሆነ ሩዙን፣ የወተት ጣፋጩንና ዘር ያለውን ነገር ሁሉ አውጡ፤ እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ድንበር ላይ ያግዱታል፣ ክሩም አብሮ ይዘገያል።

በመጨረሻ ዘር የተሞላው ራኪ። ከወረቀት ቡኮ ውስጥ የቱልሲ (የሕንድ በሶብላ) ዘር ተከቶ የሚሠራ ሲሆን ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ ብዙ ቤተሰብ ራኪውን እስከ ጃንማሽታሚ (የክሪሽና ልደት በዓል)፣ ማለትም እስከ ስምንተኛው ቀን፣ ካሰረ በኋላ በዛፍ ላይ ያስራል ወይም ውኃ ውስጥ ይጥለዋልና የፕላስቲኩ ራኪ ወንዝ ውስጥ ይቀራል። ሙሉውን ቀብረው "አልበቀለም" የሚሉ ግን ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክርና ጥቃቅኑን የቱልሲ ቡቃያ ያፍናል። ጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በጣት በትኑት፤ ከላዩ 2 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ነስንሱ፤ አፈሩ ሳይጨቀይ እርጥብ ይቆይ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። እጅ ላይ ሳለ ግን ውኃ አታስነኩት፤ ክሩ ሳይፈታ ዘሩ እዚያው ይነቃና ይደርቃል።